የትምህርት ቤት ወሰንና የሕፃን እግር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ የመሐንዲስ ጉዳይ አይመስልም። ስለ ግድብ ወይም ስለ ጥርጊያ መንገድ ብናገር ኖሮ ማንም አይገረምም ነበር። ይሁን እንጂ የየትኛው መንደር ልጅ በየትኛው ትምህርት ቤት ይመዝገብ የሚለው ውሳኔ ዞሮ ዞሮ በካርታ ላይ የሚሰመር መሥመር ነው። መሥመር ማስመር ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። በአሰላና በአካባቢዋ ባሉ የአርሲ ደጋ ወረዳዎች ይህ መሥመር በሚነሣበት ጊዜ ወላጆች ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ቆመው ይከራከሩበታል። ክርክራቸው ለሙያችን ብዙ ትምህርት ስለሚሰጥ በዚህ ጉባኤ ፊት ላቀርበው ወደድሁ።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ለምን በእነዚህ ዓመታት እንደ ገና እንደ ተነሣ ላስረዳ። በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን የትምህርታችን አወቃቀር 6-2-4 እንደ ነበረ ይታወሳል። ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ የገጠር ልጅ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ለመማር ብዙ ጊዜ ወደ ወረዳው ከተማ ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየተላከለት ይኖር ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃውን ስምንት ዓመት በማድረጉ ልጁ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአንድ ግቢ ለመማር ዕድል አገኘ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግን አወቃቀሩ ተመልሶ 6-2-4 ሆነ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብሎ ራሱን ቻለ። ለውጡ የራሱ የትምህርት ምክንያት አለው፤ እኔም በዚያ ላይ ለመፍረድ አልተነሣሁም። ነገር ግን መካከለኛው ደረጃ በተለየ ግቢ በሚቋቋምበት ስፍራ ሁሉ አንዱ ትምህርት ቤት ከበርካታ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚመጡትን ልጆች ይሰበስባል። ወሰኑም በዚያው መጠን ይሰፋል። ወሰኑ ሲሰፋ የሚረዝመው የልጁ መንገድ ነው።

የአርሲን ደጋ ለምታውቁት የመልክዓ ምድሩን ነገር ማብራራት አያስፈልገኝም። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ የጭላሎ ተራራ ወደ 4,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከበታችዋ ምድሩ እየተንደረደረ ወርዶ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ከሚለው ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ከተራሮቹ የሚነሡት ወንዞችና ጅረቶች፣ ካታርን የመሰሉት፣ የገበሬውን ማሳና መንደር ከላይ እስከ ታች እየሸነሸኑ ይወርዳሉ። እንዲህ ባለ አገር ሁለት መንደሮች እየተያዩ ሊራራቁ ይችላሉ።

ወሰን የሚያወጣው ጽሕፈት ቤት ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው አንድ ካርታ፣ የቀበሌዎች ዝርዝርና የተማሪዎች ቁጥር ነው። በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል እኩል ርቀት ያለውን ስፍራ ፈልጎ መሥመሩን ያሰምራል። ይህ ዘዴ ምድሩ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ቢሆን ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ዊሊያም ናይስሚት የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ አንድ ቀላል ደንብ ትቶልን አልፏል። በደንቡ መሠረት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይታሰባል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 4 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 300 ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ለርቀቱ 48 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ 30 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይወስዳል። ይህም ጤናማ ለሆነ ጎልማሳ የተሰላ ነው። ቁርሱን በቅጡ ላልበላ፣ ደብተሩን በብብቱ ለያዘ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከዚህ ይበልጣል። በሜዳ ላይ ያለ እኩያው ግን ያንኑ 4 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ካርታው ሁለቱን ልጆች እኩል ያደርጋቸዋል፤ እግራቸው ግን እኩል አይደለም።

ስለ አርሲ ልጅና ስለ ትምህርት ቤት መንገድ ሲነሣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ሳይጠራ አይቀርም። በአሰላ አቅራቢያ የተወለደው ይህ ሯጭ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመለስ እንደ ነበር፣ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የመሮጥ ልማዱም ደብተር ከመያዝ እንደ መጣ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሲድኒ ያገኘው ወርቅ የሁላችንም ኩራት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ ርቀት ልጅን ያጠነክራል የሚል ትምህርት የሚወስዱ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በዚያው መንገድ ላይ ጀምረው የደከሙ፣ ከነጭራሹም ከቤት ያልወጡ ልጆች ስማቸው በየትም አልተጻፈም።

አሁን ወደ ወላጆቹ ክርክር ልመለስ። የአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወሰን እንዲለወጥ ሐሳብ በቀረበበት ስብሰባ ላይ በወላጆች ኮሚቴ ተጋብዤ ተገኝቼ ነበር፤ የስፍራው ስም ለነገሩ አስፈላጊ አይደለም። ከወንዝ ማዶ ያሉ ሦስት መንደሮች ከለመዱት ትምህርት ቤት ተነሥተው ወደ ሌላ እንዲዛወሩ ነበር የታሰበው። በመጀመሪያ የተነሡት አንድ አዛውንት፣ «ይህ ትምህርት ቤት ሲሠራ ድንጋዩን በአህያዬ ያቀረብሁ እኔ ነኝ፤ ለቆርቆሮውም አዋጥቻለሁ። ዛሬ የልጅ ልጄ የዚህ ቤት አይደለም የምትሉኝ በምን ሕግ ነው?» ብለው ጠየቁ። የገጠር ትምህርት ቤቶቻችን በሕዝቡ ገንዘብና ጉልበት ምን ያህል እንደሚደገፉ የምታውቁ ሁሉ የጥያቄውን ክብደት ትረዳላችሁ።

ቀጥለው አንዲት እናት ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «አንተ ልጄ፣ ተማርሁ ትላለህ፤ የከሰዓት ፈረቃ ስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ ታውቃለህ? ልጄ ያንን የባሕር ዛፍ ጫካ በምሽት ብቻዋን ታልፋለች ማለት ነው? እንዲያ ከሆነስ ስድስተኛ ይበቃታል» አሉ። ይህ የመጨረሻው ቃል በቁጣ የተነገረ አልነበረም፤ የተመዘነና የተቈረጠ ውሳኔ ነበር። በእኔ ግምት የዚያን ዕለት ከተነገረው ሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

ነገር ግን ክርክሩ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በከተማው ጫፍ የሚኖሩ አንድ አባት ተነሥተው ልጃቸው ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት ዴስክ አራተኛ ሆኖ እንደሚማር፣ መምህሩ የልጁን ስም እንኳ ለማወቅ እንደማይችል ገለጡ። የአገሪቱ የትምህርት መለኪያ ለመጀመሪያ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል። አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በመለኪያው 50 ልጅ ቢይዝ በአንድ ፈረቃ 600 ተማሪ ይቀበላል፤ 900 ልጅ ቢመጣበት ግን ወይ ክፍሉን ያጨናንቃል ወይ በፈረቃ ይከፍላል። እኒህ አባት መሥመሩ ይለወጥ ሲሉ የሌላውን ልጅ ለመጉዳት አልነበረም። የእርሳቸውም ልጅ ልጅ ነውና።

በተጨማሪም የቋንቋ ነገር ተነሣ። በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ሲሰጥ፣ እንደ አሰላ ባሉ ከተሞች በአማርኛ የሚያስተምሩ ክፍሎችም አሉ። ወሰን በሚለወጥበት ጊዜ የተዛወረው ልጅ የጀመረበት ቋንቋ በአዲሱ ግቢ መኖሩ አስቀድሞ ካልተረጋገጠ፣ ሰባተኛ ክፍል ገብቶ እንደ አዲስ ፊደል ቈጣሪ ይሆናል።

ከስብሰባው በኋላ ከወላጆቹ ጥቂቶቹን ይዤ መንገዱን በእግር ሄድንበት። በካርታ ከሦስት ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፈው መንገድ በእግር ወደ አምስት ተጠጋ። ጊዜው በጋ ስለ ነበር ወንዙን በድንጋይ ላይ እየተረማመድን ተሻገርን። አብሮን የነበረ ወጣት ገበሬ፣ «በመስከረም ይህ ድንጋይ አይታይም» አለን። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በበልግም ወንዙ ተመልሶ ይሞላል።

ከዚህ በመነሣት ነገሩን በሙያችን አነጋገር ላጠቃልለው። ልጅንና ትምህርት ቤትን ለማቀራረብ አራት ነገሮችን ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ቤቱን፣ ልጁን፣ ትምህርት ቤቱን ወይም መንገዱን።

ቤቱን ማንቀሳቀስ በአገራችን ተሞክሯል። በ1978 ዓ.ም. በመንደር ምሥረታ ዘመቻ የአርሲ ገበሬ ተበታትኖ ከሚኖርበት ተነሥቶ በመንደር እንዲሰበሰብ ሲደረግ፣ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውኃ ለማቅረብ ያመቻል የሚል ነበር። ምክንያቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ያሳምናል። ነገር ግን ገበሬው ከማሳውና ከግጦሹ ራቀ፤ ሐሳቡንም ማንም አልጠየቀው። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው መመሪያ ሲላላ ብዙው ሕዝብ መንደሩን ትቶ ወደ ቀድሞ ይዞታው ተመለሰ። ነዋሪው ያልተማከረበት ንድፍ ምንም ያህል ቢያምር ጸንቶ አይቆምም።

ሳይመክሩ የሚወሰን የትምህርት ነገር ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ከዚህ የቀደመ ምስክርም አለ። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ፣ በተለምዶ ሴክተር ሪቪው የሚባለው፣ ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት ያህል ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ዕቅዱ ብዙ የተደከመበት፣ ብዙ ሕፃናትንም ለመድረስ የታሰበ ነው። ዝርዝሩ ለሕዝብ የተገለጠው ግን ቆይቶ በ1966 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ወላጁ የድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቶ ወደ ሞፈሩ ሊመለስ ነው ብሎ ተረጐመው፤ መምህራኑም በጥናቱ አልተካፈልንበትም አሉ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ዕለት የነዳጅ ዋጋ የከበዳቸው ባለታክሲዎችም አቆሙ። ዕቅዱ ተጣለ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላውም ዓለም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ ልጅን በመኖሪያው ስፍራ የምትመድብበት የትምህርት ቤት ካርታ አላት፤ አቅም ያለው ወላጅ ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ወዳለበት ሰፈር እየተዛወረ ወይም አድራሻ እየተዋሰ መሥመሩን ሲያልፈው ኖሯል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ጥቁሮችንና ነጮችን በአንድ ለማስተማር ፍርድ ቤት ባዘዘው መሠረት ልጆችን በአውቶቡስ ማመላለስ የተጀመረው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱባት ዕለት ማለት ነው። ሕፃናቱ በተሳፈሩባቸው አውቶቡሶች ላይ ድንጋይ ተወረወረ። ፍርዱ ፍትሕን የተከተለ ነበር፤ ቢሆንም የወላጅን ልብ ማሸነፍ ሌላ ሥራ መሆኑን አሳየ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዚህ ጉባኤ ፊት አምስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወሰን ከመለወጡ በፊት መንገዱ በእግር ይለካ፤ የሚለካውም በመስከረም እንጂ በጥር አይሁን፤ መለኪያውም ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን ደቂቃ ይሁን። ሁለተኛ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የቀበሌው የትምህርት ቦርድና የወላጅ መምህር ኅብረት የክፍሎችን ብዛት፣ ፈረቃውንና የማስተማሪያ ቋንቋውን የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ይዘው ይቅረቡ፤ ወላጅ ቁጥሩን አይቶ ይከራከር። ሦስተኛ፣ አዲሱ ወሰን አዲስ በሚመዘገቡት ላይ ብቻ ይጀመር፤ የጀመሩት ይጨርሱ፤ ወንድምና እኅትም አይለያዩ። አራተኛ፣ ከሩቅ የሚመጡት ልጆች በጠዋቱ ፈረቃ ይመደቡ፤ ይህ አንድ ብር አያስወጣም።

አምስተኛው መንገዱን የሚመለከት ስለ ሆነ ለእኛ የተተወ ነው። በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመውና በአኅጽሮት ካዱ የሚባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት መቀመጫውን በአሰላ አድርጎ ሲሠራ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ከማከፋፈል ጋር የገጠር መንገድንም ከሥራው ቈጥሮ ነበር፤ እህሉ ያለ መንገድ ገበያ እንደማይደርስ ስለ ተገነዘበ። ልጁም እንዲሁ ነው። በብዙ ስፍራ የተጣላንበት መሥመር የወንዝ መሥመር ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከሽቦ ገመድና ከእንጨት ወለል የተሠራ አንድ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ፣ ሁለት ጫፉን በድንጋይ ግንብ አስረን ብናቆመው፣ ከአዲስ ትምህርት ቤት እጅግ ባነሰ ወጪ ሦስት መንደሮችን ያገናኛል። ድንጋዩን ለትምህርት ቤቱ ያቀረቡት አባቶች ለድልድዩም አይነፍጉም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አባል በዓመት ከሥራው ሦስት ቀን ለይቶ፣ በሚኖርበት ወረዳ የአንድ ትምህርት ቤት መንገድ እንዲለካ፣ መሻገሪያውን እንዲነድፍና ንድፉን ለወላጆች ኮሚቴ ያለ ክፍያ እንዲያስረክብ ሐሳብ አቀርባለሁ። መስከረም ሳይጠባ የሚጀመር ሥራ ነው። ሐሳቤን ጉባኤው ቢቀበለው ከጢዮና ከዲገሉና ጢጆ ወረዳዎች እንድንጀምር፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀኖች እኔ እንድሰጥ ፈቃዳችሁ ይሁን።