ሕፃናትን ይዞ የጦር አይሮፕላን ቤተ መዘክር ስለ መጎብኘት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ኑሯችንን በስዊድን ያደረግን ባልና ሚስት እንደ መሆናችን ስለዚያ አገር እንድንናገር ተጠይቀናል። ስለ አገሩ ሁሉ መናገር ግን ሰዓቱ አይፈቅድልንምና አንድ ነገር ብቻ መርጠናል፤ ይኸውም በሊንሸፒንግ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ከሁለቱ ትናንሽ ልጆቻችን ጋር መጎብኘታችንን ነው። ዘመናቱን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሥፍራው ማልመን ይባላል፤ ባሮን ካርል ሴደርስትረም በ1912 የበረራ ትምህርት ቤት ያቋቋመበት ሜዳ ነው። ከዚህ ከተማ ወደ አገራችን የደረሰም ነገር አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ቢሾፍቱ የመጡት ሳብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮች የዚያው የሳብ ኩባንያ ሥራ ናቸው።

ልጅ ወደ አዳራሹ ሲገባ ጦርነትን አያይም፤ የሚያየው የሚያብረቀርቅ ትልቅ መጫወቻ ነው። ልጆቻችን በተለይ ቱናን የተባለውን ጄት ወደዱት። ቱናን በስዊድንኛ በርሜል ማለት ሲሆን፥ ሆዱ ወፍራም ስለ ሆነ የወጣለት ስም ነው። ታናሺቱ፥ «ይኼ እኮ ብዙ በልቷል!» ብላ አሳቀችን። ይህ በርሜል ግን በ1961 በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ኮንጎ ዘምቶ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ 86 ጄቶችም በዚያው ዘመቻ ተሰልፈዋል። ይህን ስንነግራቸው የስምንት ዓመቱ ልጃችን፥ «ማንን ሊተኩሱ ሄዱ?» አለን።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ወላጆች ሕፃን የጦር መሣሪያ ማየት አይገባውም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጀግንነት ይማርበት ብለው የሞተሩን ጉልበትና የፍጥነቱን ልክ ብቻ ያስጠኑታል። እኛ በሁለቱም አንስማማም። አይሮፕላኑን ያየ ልጅ ለምን ሥራ እንደ ተሠራ መጠየቁ አይቀርም፤ ሲጠይቅም በዕድሜው ልክ እውነቱን ማግኘት ይገባዋል።

ለዚህ የሚረዳው በቤተ መዘክሩ ካሉት ሁሉ መልኩ ያላማረው ነው። ዲሲ 3 የተባለ የስዊድን አየር ኃይል አይሮፕላን ጁን 13 ቀን 1952 ስምንት ሰዎች ይዞ በባልቲክ ባሕር ላይ ሲበር በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶ ወደቀ። ሥራው የሶቪየትን ሬዲዮና ራዳር በምሥጢር ማዳመጥ ነበር፤ መንግሥት ግን ለሕዝቡ የልምምድ በረራ ነው ብሎ ነገረ። ሶቪየቶችም እስከ 1991 ድረስ መምታታቸውን አላመኑም። ስብርባሪው በ2003 ከባሕሩ ወለል፥ በ126 ሜትር ጥልቀት ተገኘ፤ በ2004ም ወጣ። ዛሬ ጥይት እንደ በሳው፥ ጨው እንደ በላው ሆኖ ይታያል። የአብራሪዎቹ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ላይ ቆሞ ነበር የተገኘው።

ልጃችን ዙሪያውን ዞረና፥ «ለምን አልጠገኑትም?» ሲል ጠየቀ።

«ሰዎች ሞተውበታል፤ የሆነውን እንድናውቅ እንዲሁ ተዉት» አልነው።

«አባቶች ነበሩ?»

አዎን፥ ልጆች የነበሯቸውም ነበሩባቸው፤ እነዚያም ልጆች አባታቸው የወደቀበት ሥፍራ እስኪታወቅ ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጠበቁ፤ ከስምንቱም የአራቱ ዐፅም ብቻ ተገኘ ብለን ነገርነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ምሳ መቼ እንደሆነ ጠየቀን። እኛም ከዚያ በላይ አልጨመርንም።

እንዲህ ያለ ጉብኝት ለምታስቡ መምህራንና ወላጆች፥ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የስድስት ዓመት ልጅ የሚያየው የጫማውን ጫፍ ነው። በስብርባሪው አትጀምሩ፤ በእርሱም አትጨርሱ። እኛ ከምሳ በኋላ ልጆቹን በአብራሪው ወንበር ላይ መቀመጥ ወደሚፈቀድበት ሥፍራ መለስናቸው። ወንዱ ልጅ ጠዋት እዚያው ተቀምጦ በአፉ ተኩስ ሲያሰማ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወንበሩ ላይ ወጥቶ መውጫው በየት በኩል እንደሆነ በእጁ ይፈልግ ጀመር።