ግንቡ ያልነገረንን ደብዳቤው ነገረን

ዛሬ ደብተራችሁን ለጊዜው አጠፍ አድርጉና አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

እኔ ከማስተምርበት ከአንበሳሜ ተነስቶ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው፣ እንፍራንዝ አካባቢ ኮረብታ ላይ የቆመ የድንጋይ ግንብ አለለት። ጉዛራ ይባላል። ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው። የነገሡት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1563 እስከ 1597 ነው። እንግዲህ ጉዛራ የጎንደሩን የፋሲል ግንብ ይቀድመዋል ማለት ነው። ከላይ ሆነው ቢመለከቱ ሜዳውና ጣና ወለል ብሎ ይታያል።

የንጉሡ ስም ስለተጻፈ ይኸው እናውቀዋለን። ድንጋዩን የተሸከመውስ ማን ነበር? ኖራውን ያቦካው? ለሠራተኛው እንጀራ የጋገረችውስ? ግንቡን ብንጠይቀው አይመልስም።

አሁን ደግሞ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። በሰሜን እንግሊዝ፣ በግ በሚረባበት ገጠር፣ ቪንዶላንዳ የሚባል የምሽግ ፍርስራሽ አለ። የጥንት ሮማውያን የግዛታቸውን ዳር ድንበር ይጠብቁበት ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ቦታው ሲቆፈር ከእርጥብ ጭቃ ውስጥ በጣም የሳሱ እንጨቶች ወጡ። ጽሕፈት አለባቸው። ቀለሙ እንደ እኛ አገር የብራና ቀለም ከጥላሸት የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህም ብዙ ተገኝቷል።

ምን ተጽፎ ይሆን? የንጉሥ አዋጅ? አይደለም። አንዱ ካልሲና የውስጥ ሱሪ ለሰው መላኩን ይናገራል። ሌላው፣ ወታደሮቹ መጠጥ አልቆባቸዋልና ይላክልን ይላል፤ መጠጡም እንደ ጠላ ያለ ነው።

ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል ሴት ደግሞ ወዳጇን ለልደቷ ቀን ጠርታለች። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ነው የጻፈላት። መጨረሻው ላይ ግን ራሷ ብዕር ይዛ ጥቂት ቃል ጨመረች። ወዳጇን እኅቴ እያለች፣ እጠብቅሻለሁ አለቻት። ጽሕፈቷ እንደ ጸሐፊው ያማረ አይደለም። ቢሆንም 1900 ዓመት ገደማ አልፎት ዛሬ ይነበባል።

እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናቴ ትዝ ትለኛለች። ደብዳቤ የምታስጽፈው ሰው ለምና ነበር። በሰው ፊት የልቧን ሁሉ እንዴት ትናገር? "ደህና ነኝ፣ አታስብ" ብላ ትጨርሳለች። ዛሬ እሷ የለችም። ከእጇ የወጣች አንዲት መስመር እንኳ የለችኝም።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ፊደሌ አያምርም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል አትበሉ። ዛሬ ማታ ለምትወዱት ሰው፣ በገዛ እጃችሁ፣ ሦስት መስመር ጻፉ። የአያቶቻችሁንም ስም ከነመንደራቸው ጻፉት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

በሉ፣ ደህና ሁኑ።