የውጭ አገር ውጤት በአሜሪካ ሚዛን

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ አማካይ ውጤት፣ በተለምዶ ጂፒኤ የሚባለው፣ የሚሰላው የየኮርሱ ፊደል ወደ ነጥብ ተለውጦ፣ ማለትም ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ሆኖ፣ በክሬዲት ሰዓቱ ከተባዛ በኋላ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ሲካፈል ነው። ይህ ተራ ሒሳብ ነው፤ የሚያከራክረው የሌላ አገር ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሚገባው መወሰኑ ነው። በብሪታንያ የመጀመሪያ ዲግሪ ማለፊያው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 40፣ የአንደኛ ደረጃ ማዕረግ የሚያሰጠው ደግሞ 70 በመሆኑ፣ 70ን በ4 አባዝቶ ለመቶ የሚያካፍል ሰው 2.8 አግኝቶ ጎበዙን ተማሪ ከመካከለኞቹ ተርታ ያሰልፈዋል፤ ስለዚህም የውጭ ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅቶች ቁጥሩን ሳይሆን በአገሩ ያለውን ደረጃ አይተው በአብዛኛው ኤ ይሰጡታል። በጀርመን ጭራሽ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ 1.0 ከሁሉ የላቀ፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ ነው። ክሬዲቱም እንዲሁ ይመዘናል፤ የአውሮፓ የአንድ ዓመት ትምህርት 60፣ የአሜሪካው 30 ያህል ክሬዲት ስለሚይዝ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ይቀነሳል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ4 ነጥብ ስለሚሰጡ ልወጣው ይቀላል፤ ሆኖም የመጨረሻው ውሳኔ የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው።