ኮኛክ መጀመሪያ ለአፍንጫ

ዛሬ የፈረንሳይ ኮኛክና የፍራፍሬ ሊኬር እንዴት ተቀምሰው እንደሚመዘኑ እናያለን።

ኮኛክ ከነጭ ወይን ጠጅ ሁለት ጊዜ በመዳብ ጋን ይወጣል፤ ከዚያ በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 2 ዓመት ይተኛል። ጠርሙሱ ላይ «ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ.» ካለ ከ4 ዓመት ያነሰ አልተቀላቀለበትም። «ኤክስ.ኦ.» ደግሞ፣ በፈረንጆቹ ከ2018 ወዲህ፣ 10 ዓመት ነው።

ቀለሙ አያታልላችሁ። ካራሜል መጨመር ስለተፈቀደ የጠቆረ ሁሉ ያረጀ አይደለም። ዋናው ሥራ የአፍንጫ ነው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ያዙ። ሳትነቀንቁ መጀመሪያ ከአገጫችሁ አጠገብ አሽትቱት። አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ ከከተታችሁት አልኮሉ ያቃጥላችኋል፤ ሌላውንም ሽታ ሁሉ ይሸፍነዋል። ቀስ እያላችሁ አስጠጉት። ከወጣቱ ኮኛክ የወይንና የአበባ ሽታ ይመጣል፣ ከበርሜሉ ቫኒላ። ብዙ ዘመን የተቀመጠው ግን የለውዝ፣ የደረቀ ፍሬ፣ የእንጉዳይም ጠረን አለው። ቀማሾች «ራንሲዮ» ይሉታል፤ ለእኔ የኮኛክ ትልቁ ደስታ እሱ ነው።

ከዚያ ጥቂት ተጎንጭታችሁ አፋችሁ ውስጥ አንሸራሽሩት። ጥሩው ከተዋጠ በኋላም ጣዕሙ ይቆያል፤ ደካማው አቃጥሎ ይጠፋል።

የፍራፍሬ ሊኬር በሌላ መለኪያ ነው የሚታየው። ከጥቁር ከረንት የሚሠራው የፈረንሳይዋ ከተማ የዲዦን «ክሬም ደ ካሲስ» በሊትር ቢያንስ 400 ግራም ስኳር አለበት። ስለዚህ መጣፈጡን ሳይሆን የፍሬውን ኮምጣጣነት ፈልጉ። ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ቅመሱት፤ ምላሳችሁ ላይ ስኳር ብቻ ከቀረ ፍሬው አንሶታል።