የሴት ደረሰኝና የወንድ ደረሰኝ
(በሲያትል ከተማ በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ጥያቄ አጭር ነው። የሕዝብን ገንዘብ ያለ አግባብ ያወጣ ባለ ሥልጣን ሲጋለጥ፣ ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ሴቷንና ወንዱን በአንድ ሚዛን ይመዝናሉ ወይ? ገና ርእሱ እንደ ተሰማ አንዳንድ ወንድሞች «ሌባ ሌባ ነው፤ ቀሚስ ለበሰ ሱሪ ለበሰ ምን አገባን?» ብለውናል። ስለ ሌባው እኛም ከእነርሱ አንለይም። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ አዋጅ ነጋሪው ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ካለንበት ከተማ እንጀምር። በ1924 የሲያትል ከንቲባ ኤድዊን ብራውን ለፓርቲው ጉባኤ ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ፣ የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ የነበረችው ወይዘሮ በርታ ናይት ላንደስ በተጠባባቂነት በወንበሩ ተቀመጠች። ፖሊሱ ከሕገ ወጥ መጠጥ ነጋዴዎችና ከቁማር ቤቶች ጋር መሞዳሞዱ የአደባባይ ምሥጢር ነበርና፣ የፖሊሱን አዛዥ ቤቱን እንዲያጸዳ ጠየቀችው፤ እምቢ ባለ ጊዜም ከሥራው አሰናበተችው። ከንቲባው ሲመለስ አዛዡን ወደ ቦታው መለሰው። በ1926 ላንደስ ያንኑ ከንቲባ በምርጫ አሸነፈችውና ከታላላቆቹ የአሜሪካ ከተሞች የአንዷ የመጀመሪያ ሴት ከንቲባ ለመሆን በቃች። ሁለት ዓመት ሠራች። በ1928 ግን በፖለቲካ ልምድ ያልነበረውና ፊት ለፊት ሊከራከራት ያልፈቀደው ፍራንክ ኤድዋርድስ አሸነፋት። ከተቃወሟት ብዙዎቹ አስተዳደሯ ንጹሕ አይደለም አላሉም፤ ለዚህ ትልቅ ከተማ ወንድ ከንቲባ ይገባዋል ነበር ክርክራቸው። ያንኑ ወንድ ከንቲባ የሲያትል ሕዝብ በ1931 በድምፁ ከሥልጣን አወረደው። ሁለተኛዋ ሴት ከንቲባ ጄኒ ደርካን የተመረጠችው በ2017 ነው። መካከሉን እናንተው ቍጠሩት።

ላንደስ ራሷ ከተማን ማስተዳደር ሰፊ ቤትን እንደ ማስተዳደር ነው የምትል ሰው ነበረች። በጊዜው መራጩን ለማግባባት የረዳ አነጋገር ነው፤ አንወቅሳትም። ነገር ግን ወጥመድ አለበት። ሴት ወደ ሥልጣን የምትገባው በባልትናዋ ከሆነ፣ ያጠፋች ዕለት የምትከሰሰው ሕግ በመጣሷ ሳይሆን ሙያ በማጣቷ ይሆናልና። ለወንዱ ኦዲተር የሚመጣውን ያህል ለሴቷ አማት ትመጣባታለች። የጋዜጣውም ነገር እንዲሁ ነው።

በ2009 በእንግሊዝ አገር የሆነውን አስታውሱ። የምክር ቤት አባላት ያወራረዱት የወጪ ሂሳብ በአንድ ትልቅ ጋዜጣ ላይ ዕለት በዕለት ሲወጣ፣ አገሩ በሙሉ ተቈጣ፤ ቁጣውም ትክክል ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ፣ በዚያ ሹመት የመጀመሪያዋ ሴት የነበሩት ጃኪ ስሚዝ፣ ባለቤታቸው ቤት ተቀምጦ ያያቸው ሁለት የብልግና ፊልሞች ዋጋ በሂሳባቸው ውስጥ ተገኝቶ ነበር። የ88 ፔንስ የመታጠቢያ ገንዳ ውታፍም አብሮ ተገኘ። ፊልሙን ያየ ባል ነው፤ ስሙ በየአርእስቱ የዞረው ግን የሚስቲቱ ነው። ሂሳቡን የፈረሙት እርሳቸው ናቸውና ጥፋተኛ አይደሉም አንልም። በሰኔ ወር ከሥልጣን ለቀቁ። ነገር ግን በዚያው ቅሌት በሐሰት ሰነድ ገንዘብ ወስደው እስር ቤት ከገቡት የምክር ቤት አባላት መካከል ዴቪድ ቼይተርና ኤሊየት ሞርሊ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ የቼይተር ቅጣት 18 ወር እስራት ነበር። አሁን ከእናንተ መካከል ውታፉን የማያስታውስ ማን ነው? የቼይተርን ስም ከዛሬ በፊት የሰማስ ማን ነው?

ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ እንዳናይ የሚያስገድደንም አለ። በዚያው ዓመት ከሁሉ ይልቅ የተሳቀበት ለዳክዬዎች ጎጆ 1,645 ፓውንድ የጠየቀው ወንድ ነው። እዚህ አሜሪካም በ2007 ጆን ኤድዋርድስ ጠጕሩን በ400 ዶላር ተቈርጦ ከምርጫ ገንዘቡ በመክፈሉ ዓመቱን ሙሉ መሳለቂያ ሆኗል። ታዲያ ወንዱም አልቀረለትም ማለት ይቻላል። ግን ልብ በሉ፤ በኤድዋርድስ የተሳቀበት እንደ ሴት ይቈነጃል ተብሎ ነው። በተከታዩ ዓመት የሪፐብሊካኑ ፓርቲ ለሳራ ፔሊን ልብስ ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ማውጣቱ ሲታወቅ፣ ገንዘቡን ያወጡት የፓርቲው ሹማምንት በዝምታ ታልፈው ሴትዮዋ ብቻዋን የልብሱን ዕዳ ተሸከመች። በፖለቲካ ከፔሊን ጋር የሚያገናኘን አንዳች ነገር የለም፤ ስለዚህም ምሳሌዋን መጥቀሳችን ይጠቅማል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ፈረንሳዮች ንግሥት ማሪ አንቷኔትን «ወይዘሮ ጕድለት» ብለው ሰይመዋት ነበር። የመንግሥቱን ካዝና ያራቈተው በአብዛኛው የጦርነት ዕዳ ነበር። እርሷ በልብስና በጌጥ ማባከኗ አይካድም፤ በ1785 ግን ላልገዛችው የአልማዝ ሐብል እንኳ ስሟ ጠፍቷል።

ወደ ሲያትል እንመለስ። የምክር ቤት አባል የነበረችው ክሻማ ሳዋንት በ2021 የከተማውን ሀብት ለምርጫ ዘመቻ በማዋሏ ከ3,500 ዶላር በላይ ቅጣት ለመክፈል ተስማማች። እስከምናስታውሰው የቅጣቱ ዜና የጻፈው ስለ ገንዘቡና ስለ ደንቡ ነው። ስለዚህ ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው። በ2025 ደግሞ ለከንቲባነት የተወዳደረችው ኬቲ ዊልሰን፣ የትንሿን ልጇን የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ወላጆቿ እንደሚያግዟት ተናገረች። ይህ አያት ለልጅ ልጅ የሰጠው ገንዘብ እንጂ የሕዝብ አይደለም። ሆኖም የምርጫ ክርክር ሆነ። በዚህ አዳራሽ እናቱን ከአገር ቤት አስመጥቶ ልጅ ያላሳደገ ስንት አባወራ አለ? ዊልሰን በጠባብ ልዩነት አሸነፈች።

እስካሁን የፈረንጅን ጋዜጣ ወቀስን፤ ይህ ቀላሉ ነው።

በመጋቢት 1968፣ ማለትም በእኛ 1960 ዓ.ም.፣ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት ተዘጋጀ። ቀዳሚዎቻችን ሕዝቡ ተርቦ ሳለ የባዕድ ቅንጦት አይታይም ብለው ተቃወሙ። የተቃውሞው መነሻ እውነት ነበረው። የተወረወረው እንቍላልና ስድብ ያረፈው ግን በማን ላይ ነው? አጭር ቀሚስ በለበሱት እህቶች ላይ ነው። በጀቱን የሚመድበው፣ ጭሰኛውን የሚያስገብረው፣ ሙሉ ሱፍ ለብሶ ያን ጊዜ በየቢሮው ተቀምጦ ነበር። ሱፉም ቢሆን ጎንደር አልተሸመነም። ትግሉን የምናከብር ሰዎች ይህን ገጽ እየዘለልን ማንበብ የለብንም።

ከዚያ ወዲህ ተምረናል ወይ? ባለፈው ዓመት የማኅበራችን ሂሳብ ሲመረመር 180 ዶላር ደረሰኝ አጣ። ገንዘብ ያዣችን እህት ናት። በዚያ ሳምንት በመካከላችን የተወራው ስለ አዲሱ ጫማዋ፣ ስለ ጠጕሯ፣ ከማን ጋር እንደምትወጣ ነው። ገንዘቡ በምን ቀን፣ በማን ትእዛዝ እንደ ወጣ የጠየቀ አልነበረም። በኋላ የአዳራሹ ኪራይ ደረሰኝ ከአንድ ወንድማችን መኪና ወንበር ሥር ተገኘ። እርሱን «ዝንጉ ነህ» አልነውና ሳቅን፤ አብሮንም ሳቀ። የወንድማችንን ጫማ ያየ የለም። እህታችን ግን ቍልፉን በጠረጴዛ ላይ አኑራ ወጣች፤ ዛሬም እዚህ የለችም።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ መጽሔታችን የማንኛውንም ባለ ሥልጣን ጥፋት ሲጽፍ፣ ወንድ ሆነ ሴት፣ ስንት ብር፣ ከየትኛው በጀት፣ በማን ፊርማ የሚለውን ያስቀድም፤ ቤትና ገላ፣ ባልና ሚስት ከሂሳቡ ጋር ካልተያያዙ አይግቡ። ሁለተኛ፣ ለእህታችን የሚላከው ይቅርታ ዛሬ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ሐሜቱን ያወራን ሁሉ እንፈርምበት። ወረቀቱ በጸሐፊው እጅ ነው። የመጀመሪያው ፊርማ የእኛ ነው።