ድልድይ ሠሪው ጄኔራል
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ጄኔራል ታሪክ ነው። በመሐንዲሶች መድረክ ላይ ስለ ጄኔራል መናገር ያለ ቦታው የገባ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አውስትራሊያዊው ሰር ጆን ሞናሽ እንጀራቸውን የሚበሉት በምሕንድስና ነበር፤ ወታደርነቱን የያዙት በትርፍ ጊዜያቸው ነው። የእኚህን የተጠባባቂ ጦር መኮንን ሕይወት ስንመረምር ለሙያችን የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያልተሠራ ሒሳብ ኋላ በሰው ሕይወት የሚከፈል መሆኑ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሞናሽ ከፕሩሲያ ከመጡ አይሁዳውያን ወላጆች በ1865 ዓ.ም. በሜልበርን ከተማ ተወለዱ። በ1884 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በተማሪዎች የሚሊሺያ ጓድ ውስጥ በተራ ወታደርነት ተመዘገቡ። በ1887 ዓ.ም. በመድፈኛ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ አገኙ። ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው በሁለት ተከፈለ፤ በሥራ ቀን ድልድይና የባቡር ሐዲድ፣ በዕረፍት ሰዓትና በበዓል ቀን የመድፍ ልምምድ። ከምሕንድስናው ሌላ በሥነ ጥበብና በሕግም ዲግሪ ተቀበሉ። የማዕረግ ዕድገታቸው ዝግ ያለ ነበር። በ1897 ዓ.ም. ሻለቃ፣ በ1908 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል፣ በ1913 ዓ.ም. ኮሎኔልና የብርጌድ አዛዥ ሆኑ። ይህን ሁሉ ማዕረግ ሲያገኙ ጦር ሜዳ የመዋል ዕድል አልገጠማቸውም ነበር።

በሙያቸው በኩል፣ በብረት የተጠናከረ አርማታ በአውስትራሊያ ገና እንግዳ በነበረበት ወቅት ከሥራ ሸሪካቸው ጋር በዚሁ ዘዴ ቅስት ድልድዮችን ሠሩ። በ1899 ዓ.ም. በሜልበርን በያራ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በ1901 ዓ.ም. በቤንዲጎ ከተማ የሠሩት ድልድይ በጭነት ፈተና ላይ ሳለ ተደረመሰና አንድ ሰው ሞተ። ያ ድልድይ ወንዙን የሚያቋርጠው በሰያፍ ነበር፤ በዘመኑ የነበረው የስሌት ዘዴ ደግሞ የሰያፍ ቅስትን ጭነት በትክክል ለማሳየት አይበቃም ነበር። ሞናሽና ሸሪካቸው ድልድዩን በራሳቸው ወጪ እንደገና ሠሩት።

በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሞናሽ የ49 ዓመት ሰው ነበሩ። የ4ኛው ብርጌድ አዛዥ ሆነው በ1915 ዓ.ም. ጋሊፖሊ ዘመቱ። በነሐሴ ወር ብርጌዱ በሌሊት ተጉዞ አንድ ከፍተኛ ተራራ እንዲይዝ ታዘዘ። ካርታው የማይታመን፣ መሬቱ በሸለቆና በገደል የተቆራረጠ፣ ወታደሩም በበሽታና በድካም የተዳከመ ስለ ነበር ጉዞው ከታሰበው በላይ ዘገየ፤ ጥቃቱም ከብዙ ጉዳት ጋር ከሸፈ። በቅጡ ባልተቀየሰ መሬት ላይ የተነደፈ ዕቅድ የቱን ያህል እንደሚያስከፍል ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም።

በ1916 ዓ.ም. የ3ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ፣ በግንቦት መጨረሻ 1918 ዓ.ም. ደግሞ የመላው የአውስትራሊያ ኮር አዛዥ ሆኑ። ሹመቱን ሁሉም አልወደደውም። ጋዜጠኞቹ ቻርልስ ቢንና ኪት መርዶክ በምትካቸው መደበኛው መኮንን ብሩደኔል ኋይት እንዲሾሙ ብዙ ጣሩ። ለትችቱ መልስ የሰጠው ሥራው ነው።

በሐምሌ 4 ቀን 1918 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የሐመልን መንደር ለመያዝ የተደረገውን ውጊያ እንመልከት። የአውስትራሊያ እግረኛ ወታደር ከቡልኩር ውጊያ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ በታንክ ላይ እምነት አልነበረውም፤ ያን ጊዜ ታንኮቹ ሳይደርሱለት ቀርተው ብዙ ሰው አልቆበታልና። ሞናሽ ይህን አለመተማመን በትእዛዝ ለማስወገድ አልሞከሩም። ወታደሮቹን ከታንከኞቹ ጋር አገናኝተው አብረው እንዲለማመዱ፣ በታንኮቹም ላይ ወጥተው እንዲነዱ አደረጉ። አዛዦችን ሁሉ ሰብስበው ዕቅዱን ነጥብ በነጥብ አወያዩ፤ ጥያቄ ያለው ሁሉ በዚያው መልስ አገኘ። ዕቃ የሚያመላልሱት አራት ታንኮች ከ1,000 በላይ ሸካሚዎችን ተኩ፤ ጥይት ከአይሮፕላን በጃንጥላ ተጣለ። ለ90 ደቂቃ የታቀደው ውጊያ በ93 ደቂቃ ተፈጸመ። እንዲህም ሆኖ 1,400 ያህል ሰው ሞተ ወይም ቆሰለ። ጥሩ ዕቅድ የጉዳቱን ልክ ይቀንሳል እንጂ ጦርነትን ከደም ነጻ አያደርገውም።

ከዚያ በኋላ በነሐሴ 8 ቀን በአሚየን የተገኘው ድል የዚሁ አሠራር ውጤት ነበር። በነሐሴ 12 ቀን ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በጦር ሰፈራቸው ተገኝተው የሰርነት ማዕረግ ሰጧቸው።

ጦርነቱ ሲያበቃ 160,000 ያህል ወታደሮችን ወደ አገራቸው የመመለሱን ኃላፊነት ተቀበሉ፤ መርከብ የሚጠብቀው ወታደር ጊዜውን በትምህርት እንዲያሳልፍም አደረጉ። ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ የቪክቶሪያ ግዛት የኤሌክትሪክ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነው ያሎርን በተባለው ስፍራ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ አሠሩ። የአካባቢው ቡናማ ከሰል ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውሃ ነው፤ ችግሩም ከተገመተው በላይ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም በ1924 ዓ.ም. የያሎርን ኃይል ሜልበርን ደረሰ። በ1931 ዓ.ም. ሲሞቱ ከ250,000 የማያንስ ሕዝብ ለቀብራቸው ወጣ። በመቃብራቸው ላይ የተጻፈው ግን ማዕረግ የሌለበት ስማቸው ብቻ ነው።

ውድ ባልደረቦቼ፤ ከ1884 እስከ 1914 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአንድ ላይመጣ ለሚችል ቀን መዘጋጀት ለብዙዎች ከንቱ ድካም ይመስል ይሆናል። እኛም ብንሆን የድልድዩን ውሃ መውረጃ የምናሰላው በየዓመቱ ለማይመጣው ጎርፍ ነው። ያ ጎርፍ በመጣ ጊዜ የሚፈተነው ዛሬ በጠረጴዛችን ላይ ያለው ወረቀት ነው፤ ከድልድዩ በታች ወይም በላይ የሚገኘው ሰው ግን ወረቀቱን አላየውም፤ ያመነው እኛን ነው። የተጠባባቂው መኮንን ሕይወት የሚያስታውሰን ይህን አደራ ነው።