ክሪስና አፎቱ፦ እኩያ ናቸው?

የኢንዶኔዥያው ጩቤ ክሪስ ሲነሣ ሁላችንም የሚታየን እንደ እባብ የሚጥመዘመዘው ስለቱ ነው። ብዙዎቹ ጥንታዊ ክሪሶች ግን ቀጥ ያሉ ናቸው።

ዕድሜውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ስለቱንና አፎቱን ለያይቶ ይመርምር። ስለቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የእንጨት አፎቱ ይሰነጠቃል፤ ወራሹም በዘመኑ ወግ ሌላ ያሠራለታል። ስለዚህ በአዲስ አፎት ውስጥ የሁለት መቶ ዓመት ስለት ብታገኙ አይግረማችሁ። አፎቱ ይበልጥ የሚናገረው አገሩን ነው። በማዕረግ አፎት አናት ላይ የተጋደመው ጀልባ መሰል እንጨት በሱራካርታ ረዘም ብሎ ጫፉ ይጠቀለላል፤ በዮግያካርታ ሰብሰብ ይላል።

አሁን ስለቱን ጠጋ ብለን እንየው። ተራ ብረትና ኒኬል ያለበት ብረት ተደራርበው ተቀጥቅጠዋል። በአርሴኒክና በሎሚ ጭማቂ ሲታጠብ አንዱ ይጠቁራል፣ ሌላው እንደ ብር ያበራል። ውበቱ ልብ ይሰርቃል! ነገር ግን እጥበቱ ራሱ ብረቱን ጥቂት በጥቂት ይበላዋል። ጠርዙ ስለሳሳ ብቻ ጥንታዊ ነው ማለት አይቻልም፤ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፎ የሚያስረጅም አለ።

ዘመኑ የተቀረጸበት ክሪስ ብርቅ ነው። የክናውድ ክሪስ በሚባለው ላይ የሳካ ዘመን 1264 ይነበባል፤ እ.ኤ.አ. 1342 መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳይኖር ሻጭ ዓመቱን ቆርጦ ቢነግራችሁ ማስረጃ ጠይቁት። ዝገቱንም ለባለሙያ ሳታሳዩ አትፈግፍጉት።